«መገኛ» ወይስ «ማግኛ»? ስለ አንድ ሙያዊ ቃል አተረጓጎም

አርባ ምንጭ ውስጥ፣ ከኩልፎ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ለተሰጠ ሥልጠና የተዘጋጀ አንድ የአማርኛ መማሪያ በቅርቡ እጄ ገብቶ አንብቤዋለሁ። የሚያስተምረው ድረ ገጽን በኮድ ስለ መፈተሽ ነው፤ ይኸውም ሰው ቅጽ እየሞላና ቁልፍ እየተጫነ የሚሞክረውን፣ ፕሮግራም ብራውዘሩን እያንቀሳቀሰ እንዲሞክረው ስለ ማድረግ ነው። አዘጋጁ ይህን በአማርኛ ለማስረዳት መነሣታቸው ያስመሰግናቸዋል። ትችቴ በአንድ ቃል ላይ ብቻ ያተኩራል፤ ቃሉ ግን የትምህርቱ ምሰሶ ነው።

የፍተሻው ኮድ አንድን ቁልፍ ከመጫኑ በፊት ከገጹ ለይቶ ሊያገኘው ይገባል። የሚለይበትን አገላለጽ የሙያው ሰዎች «ሎኬተር» ይሉታል። ጄሰን ሃጊንስ እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረው ሰሌኒየም 8 መደበኛ ስልቶች አሉት፤ ከእነርሱም መለያ፣ ስም፣ የሊንክ ጽሑፍና ኤክስፓዝ ይገኙባቸዋል። መማሪያው ቃሉን «መገኛ» ብሎ ተርጉሞታል።

በአማርኛ በ«መ-» የሚመሠረቱ ስሞች ስፍራንም መሣሪያንም ሊያመለክቱ ይችላሉ። በዚህ ጥንድ ግን ልዩነቱን የሚፈጥረው መነሻው ግስ ነው። «መገኛ» ከ«ተገኘ» የወጣ ስለ ሆነ፣ «የቡና መገኛ» እንደምንለው፣ ነገሩ ያለበትን ስፍራ ይናገራል። «ማግኛ» ከ«አገኘ» የወጣ ስለ ሆነ፣ «የገቢ ማግኛ» እንደምንለው፣ ፈላጊው የሚጠቀምበትን ዘዴ ይናገራል። ሎኬተርም ዘዴ እንጂ ስፍራ አይደለም። በመለያ ወይም በስም የሚፈልግ ኮድ ነገሩ የት እንዳለ ምንም አይልም።

ስሕተቱ በቃል ብቻ አልቀረም። የመማሪያው ምሳሌዎች ቃሉን ተከትለው ሁሉንም በስፍራ ይፈልጋሉ፤ «በሦስተኛው ክፍል ውስጥ ያለው ሁለተኛው ቁልፍ» እንደ ማለት ነው። ይህ እንግዳን «የኩልፎን ድልድይ ሲሻገሩ ሦስተኛው ቤት» ብሎ እንደ መምራት ይቆጠራል። በመካከል አንድ ቤት ሲሠራ እንግዳው የማያውቀውን ሰው ደጅ ይመታል። የባለቤቱን ስም ይዞ ቢሆን ግን አይሳሳትም ነበር። ገጹም እንዲሁ ነው፤ አንድ ክፍል ሲጨመርበት ፍተሻው ይወድቃል፤ ሲብስም ሌላ ቁልፍ ተጭኖ «አልፏል» ይላል።

ከዚህም ሌላ፣ መማሪያው «መገኛ» ያለውን በእያንዳንዱ ፍተሻ ውስጥ ደጋግሞ ይጽፈዋል። በሙያው የተለመደው አሠራር የየገጹን ማግኛዎች በአንድ ስፍራ ሰብስቦ፣ ስም ሰጥቶ፣ ፍተሻዎቹ ሁሉ በዚያ ስም እንዲጠሯቸው ማድረግ ነው። ገጹ ሲለወጥ የሚታረመው አንድ መስመር ይሆናል። መሣሪያ መሆኑን የተረዳ ተማሪ በአንድ ሣጥን ያኖረዋል፤ ስፍራ የመሰለው ተማሪ ግን በየቦታው ይበትነዋል።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሰሌኒየም 4 «ከዚህ በላይ»፣ «ከዚህ አጠገብ» የሚሉ ስልቶችን ጨምሯልና «መገኛ» ትክክል ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ሆኖም «ማግኛ» በስምም በስፍራም የሚደረገውን ፍለጋ ይይዛል፤ «መገኛ» የሚይዘው አንዱን ብቻ ነው። ሌሎቹ አማራጮችም አይመቹም። «አድራሻ» ለድረ ገጹ ለራሱ ተይዟል፤ «ጠቋሚ» በስክሪን ላይ የሚንቀሳቀሰውን ቀስት ያስታውሳል፤ «አመልካች» ደግሞ ማመልከቻ ያስገባ ሰው ነው።

በዚሁ መማሪያ የገጹ «ኤለመንት» «ንጥረ ነገር» መባሉም ይታረም። ይህ የኬሚስትሪ ቃል ነው። የሒሳብ ትምህርት ለስብስብ የሚጠቀምበት «አባል» ይሻላል፤ የገጽ አባላት ወላጅና ልጅ እየተባሉ ስለሚዘረዘሩ ቃሉ ከዝምድናው ጋር ይስማማል። እንግዲህ «የአባል ማግኛ» የሚለው ስያሜ በመማሪያው ቀጣይ እትም ቢተካ፣ ምሳሌዎቹም አብረው ቢታረሙ መልካም ነው። ቃሉ ብቻ ተለውጦ ምሳሌዎቹ እንዳሉ ከቀሩ ተማሪው ያንኑ ስሕተት በአዲስ ስም ይማራል።