ኪቦርዱን የያዘው እጅ

ለልጆች ኮድ የሚያስተምር ሰው ስክሪኑን ከማየቱ በፊት እጅ ማየት አለበት። ሁለት ልጆች አንድ ላፕቶፕ ፊት ተቀምጠዋል፤ ማውሱ በማን እጅ ነው? ፕሮግራሙ አልሠራ ሲል የማን እጅ ቀድሞ ይዘረጋል? ወንድና ሴት ልጅ አንድ ላይ ሲቀመጡ ብዙ ጊዜ ትምህርቱ ሳይጋመስ ማውሱ ወንዱ ጋ ይገኛል። የቀማ የለም፤ የተጣላም የለም። እሷ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ "እዚህ ጋ ተጫን፣ አሁን ይቺን ጎትት" እያለች ትመራዋለች። ሐሳቡ ከጫፍ እስከ ጫፍ የእሷ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ወላጅ ሊወስዳቸው ሲመጣ ግን ጌሙን የሠራው እሱ ነው፤ እሷም ብትጠየቅ እንደዚያው ትመልሳለች። "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ" የሚለው ተረት አማርኛ በቅጡ በማይናገሩ ልጆች መካከል እንኳ ሲፈጸም አያለሁ።

የምኖረው ኦስሎ ነው። እንጀራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ለልጆች፣ አብዛኞቹ የሐበሻ ልጆች፣ ፕሮግራሚንግ አስተምራለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ቆይቼ ያመንኩት አንድ ነገር አለ። ሴት ልጅ ለኮምፒዩተርና ለጌም "ፍላጎት የላትም" ሲባል፣ አብዛኛውን ጊዜ ያጣችው ሰዓት ነው፤ እጇ ኪቦርዱ ላይ የሚያርፍበት ሰዓት። ፍላጎት ሰዓቱን ተከትሎ ይመጣል እንጂ ቀድሞ አይገኝም።

ሰዓቱ የት እንደሚሄድ ለማየት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከቤቶቻችን ወደ አንዱ መግባት ይበቃል። ልጁ ሳሎን ውስጥ ፕሌይስቴሽኑን ከፍቷል። እህቱ አጠገቡ ተቀምጣ ተራዋን ትጠብቃለች። ተራዋ ሲደርስ ቡናው ይቆላል፤ ስኒ ታቅርብ፣ ፈንዲሻ ታምጣ፣ ሕፃኑን ትያዝ። እንግዳን ማስተናገድ ክብር ያለው ነገር ነው፤ ልጆቻችን በሰው አገር ይህን አውቀው ማደጋቸው ደስ ይለኛል። ነገር ግን የምትጠራው እሷ ብቻ ከሆነች በዓመት ውስጥ የሚጠራቀመው የሰዓት ልዩነት ቀላል አይደለም። ከዚያ ሁለቱም እኔ ዘንድ ሲመጡ እሱ "ተሰጥኦ ያለው" ይባላል። አዲስ አበባ ላይም የሰፈሩ ጌም ቤት የወንዶች ነው፤ ሴት ልጅ እዚያ ደጅ ብትታይ ለወላጅ ወሬ ይደርሳል።

"እህቴ፣ እሷን ተዪያት" ትለኛለች ልጆቿን ልታስመዘግብ የመጣች እናት። "ለኮምፒዩተር ነገር አትሆንም። ወንድሟ ነው ነፍሱ እዚያ ላይ ያለው። እኔስ ብሆን ኮምፒዩተር የት አውቃለሁ?"

ይህን የምትለኝ ሴት በኦስሎ ከተማ አስተዳደር የቤት ለቤት እንክብካቤ ሠራተኛ ናት። ሥራ በገባች ቁጥር ኮምፒዩተር ላይ ያለውን የታካሚዎች መዝገብ ትከፍታለች፤ ያለፈውን ፈረቃ ሪፖርት ታነባለች፣ የሰጠችውን መድኃኒት ትመዘግባለች፣ የአንዲት አሮጊት ቁስል ምን እንደሚመስል በኖርዌይኛ ትጽፋለች። አፍ ባልፈታችበት ቋንቋ፣ በጥድፊያ፣ ስህተት ሰውን በሚጎዳበት ቦታ ላይ ትሠራበታለች። ይህ ኮምፒዩተር ማወቅ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው? እሷ ግን እንደ እውቀት አትቆጥረውም። እናት ያልቆጠረችውን ልጅ ከየት አምጥታ ትቆጥረዋለች?

ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ግን ከአርባ ዓመት በፊት ቆጥሮታል። እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1987 ግሩ ቢየርክኔስ እና ቱነ ብራተታይግ የተባሉ ሁለት ሴት ተመራማሪዎች ከኢንፎርማቲክስ ክፍል ወጥተው ነርሶች ዘንድ ሄዱ። በፍሎረንስ ናይቲንጌል ስም "ፍሎረንስ" ብለው በጠሩት በዚያ ፕሮጀክት የኮምፒዩተር ሥርዓቱ መነሻ የነርሷ የዕለት ሥራ ነበር፤ ምን መመዝገብ እንዳለበትና ምን እንደሌለበት የሚያውቁት ነርሶቹ እንደሆኑ ታምኖ ነው ሥራው የተጀመረው። ለሐበሻ እናቶች ይህን ታሪክ ስነግራቸው ፊታቸው ላይ የማየው ነገር አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ሥራቸው የሚያወሩበት ድምፅ ይለወጣል።

ሙያው ራሱም ሲወለድ የወንድ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1946 ለሕዝብ የታየውን የአሜሪካኑን ኤኒያክ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ያደረጉት ስድስት ሴቶች ናቸው። ወንዶቹ ማሽኑን መገጣጠሙን እንደ ትልቅ ሥራ አዩት፤ ማዘዙ የጸሐፊ ሥራ ተደርጎ ስለታየ ለሴቶች ተተወ። ሥራው ገንዘብና ስም ማምጣት ሲጀምር ነው "የወንድ ጭንቅላት ይፈልጋል" የተባለው። እዚህ ኦስሎም የኖርዌይ ኮምፒዩተር ማዕከልን ለዓመታት በዳይሬክተርነት የመሩት ድሩደ በርንትሰን የተባሉ ሴት ናቸው። ማዕከሉ ኡሌ ዮሃን ዳል እና ክሪስተን ኒጎር በ1960ዎቹ ሲሙላ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሠሩበት ነው። ዛሬ ጌም ውስጥ የሚሮጠው ገጸ ባሕርይ፣ የሚፈነዳው በርሜል፣ የሚከፈተው በር እያንዳንዱ የራሱ ባሕርይና ተግባር ያለው "ኦብጀክት" ሆኖ የሚጻፈው ከዚያ ቋንቋ በመጣ ሐሳብ ነው። ልጆቹ ይህ ሐሳብ የተወለደው በሚኖሩበት ከተማ መሆኑን ሲሰሙ ቀና ብለው ይቀመጣሉ።

በኖርዌይ ደጋግሜ የሚገጥመኝ ክርክር ሌላ ነው። "አገሩ እኩልነት ያለበት ነው፤ ሴቶች የፈለጉትን ይመርጣሉ፤ ኮምፒዩተር ካልመረጡ ተፈጥሯቸው ነው" ይባላል። በ2010 ኮሜዲያኑ ሃራል አያ በኤንአርኮ ቴሌቪዥን ያቀረበው ተከታታይ ፊልም ይህን ጥያቄ በየቤቱ አስገብቶታል። ጥያቄውን አከብረዋለሁ፤ መልሱ ግን ችኮላ አለበት። እዚሁ አገር፣ በትሮንድሃይም የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1996 ኮምፒዩተር ሊማሩ ከገቡት መካከል ሴቶቹ ከመቶ 6 ገደማ ብቻ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ኮታ ተመደበ፣ በሴቶች ላይ ያነጣጠረ ማስታወቂያ ተሠራ፣ ቁጥሩ ከመቶ 30 በላይ ሆነ። የሴት ተፈጥሮ በአንድ ክረምት አይለወጥም፤ የተለወጠው በሩ ነው። የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ቪቪያን ላገሰን ማሌዥያ ሄዳ ያገኘችው ደግሞ የባሰ የሚገርም ነው። እዚያ የኮምፒዩተር ክፍሎች በሴት ተማሪዎች የተሞሉ ናቸው፤ ምክንያቱን ሲጠየቁ ሥራው ቤት ውስጥ የሚሠራ፣ ንጹሕ፣ ለሴት የሚመች ነው ይላሉ። አንዱ አገር ለወንድ የሰጠውን ሌላው አገር ለሴት ሰጥቶታል፤ ሁለቱም "ተፈጥሮ ነው" ብለው ያምናሉ።

ችሎታውስ? በ2007 የቶሮንቶ ተመራማሪዎች ጌም የማይጫወቱ ተማሪዎችን ለ10 ሰዓት ያህል ፍጥነት የሚጠይቅ ጌም አጫወቱ። ነገርን በሐሳብ የማዞር ችሎታ ሁለቱም ጾታ ላይ ጨመረ፤ ሴቶቹ ላይ ይበልጥ ጨመረና ልዩነቱ ጠበበ። በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የአንድ የአሜሪካና የአንድ የቻይና ኦንላይን ጌም ተጫዋቾችን መዝገብ መረመረ፤ የተጫወቱበት ሰዓት ሲመዛዘን ሴቶቹ ከወንዶቹ ባላነሰ ፍጥነት ወደ ላይ ይወጣሉ። ሰዓት ነው የምለው ለዚህ ነው። ደግሞም ሰዓቱ የግድ የጌም ሰዓት መሆን የለበትም። የኖርዌይ ተመራማሪዋ ሂልደ ኮርኔሊዩሰን ያነጋገረቻቸው በኮምፒዩተር ሙያ ላይ ያሉ ሴቶች ብዙዎቹ ወደ ሥራው የገቡት በጌም በኩል አይደለም። ጌም የማትወድ ልጅ ለኮድ አትሆንም ማለት ትክክል አይደለም።

አሁን ወደ ክፍሉ ልመለስ፤ የሙያው ጥበብ ያለው እዚያ ነው።

ልጆቹ ጥንድ ሆነው ሲሠሩ አንዱ ሹፌር፣ ሌላው ረዳት ይሆናል። ሹፌሩ ኪቦርዱን ይይዛል፤ ረዳቱ መንገድ ይናገራል እንጂ አይነካም። ሰዓቱ ሲጮህ ይቀያየራሉ፤ "አንድ ነገር ልጨርስና" የለም። ደንቡ ለሁሉም አንድ ስለሆነ ሴቷ ተራዋን መለመን አይኖርባትም፤ ወንዱም እንደተነጠቀ አይሰማውም።

ከዚህ የሚከብደው የአስተማሪው እጅ ነው። ወንድ ልጅ ኮዱ ሲበላሽበት "እስቲ ሞክር" እንለዋለን፤ ሴት ልጅ ሲበላሽባት "አሳይኝ" ብለን ጎንበስ እንልና እንሠራላታለን። ደግነት ነው የሚመስለው። እሷ ዘንድ የሚደርሰው ግን "ይህ ያንቺ አቅም አይደለም" የሚል መልእክት ነው። ስለዚህ እኔ ዘንድ የሚያግዝ ሰው ሁሉ እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል። መጠየቅ ይችላል፤ መንካት አይችልም።

አንዲት ልጅ ገበጣን ስክራች በተባለው የልጆች የፕሮግራም ቋንቋ ልትሠራ ተነሣች። ጨዋታውን ከጎንደር ልትጠይቃቸው ከመጣች አያቷ ነው የተማረችው። ሁለት ረድፍ፣ በረድፉ ስድስት፣ በድምሩ 12 ጉድጓድ፤ በየጉድጓዱ አራት ጠጠር። ጠጠሩን አንሥቶ በየተራ መዝራት ፕሮግራሚንግ ውስጥ ሉፕ (ድግግሞሽ) ነው፤ ይህን በቶሎ ያዘችው። ዘሩ ዞሮ ወደ መጀመሪያው ጉድጓድ የሚመለስበት ቦታ ላይ ግን ነገሩ ተበላሸ። አንድ ጨምራ ለ12 አካፍላ ቀሪውን እንዲወስድ ነበር ያዘዘችው፤ አስተሳሰቡ ያምራል። ነገር ግን ከ11ኛው ጉድጓድ በኋላ ቀሪው ዜሮ ይሆናል፤ ስክራች ውስጥ ዝርዝር ከአንድ ስለሚጀምር ዜሮኛ ጉድጓድ የለም፤ ጠጠሩም ጠፋ። ማንም አልነገራትም። "አያቴ ጠጠር ከጠፋ ጨዋታው ፈርሷል ትላለች" ብላ ድምሩን ስክሪኑ ላይ የሚያሳይ ቆጣሪ ሠራች፤ 48 መሆን የነበረበት እየቀነሰ ሲሄድ የት እንደሚቀንስ ተከትላ ደረሰችበት። መጀመሪያ ቀሪውን ወስዳ ከዚያ አንድ ስትጨምር ተስተካከለ። ስህተትን ለማግኘት መጀመሪያ ስህተቱን የሚያሳይ ነገር መሥራት ትልልቆቹ መሐንዲሶች የሚሠሩት ሥራ ነው። ይህቺ ልጅ "ለኮምፒዩተር ነገር አትሆንም" ተብላ የመጣች ናት።

በዚያች ደቂቃ የአንድ ሰው እጅ ቢገባ ኖሮ ኮዱ ቶሎ ይስተካከል ነበር፤ ቆጣሪው ግን አይሠራም ነበር።

ከኛው ምድር የወጡ ሴቶችን ታሪክም ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ። አዲስ አበባ ያደገችው ረድኤት አበበ በ2019 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በኮምፒዩተር ሳይንስ ዶክተር ስትሆን በዚያ ክፍል የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ነበረች፤ ከሌላዋ የአዲስ አበባ ልጅ ከትምኒት ገብሩ ጋር በሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሚሠሩ ጥቁሮች ማኅበር መሥርታለች። ልጆቹን ይበልጥ የሚይዛቸው ግን የሐረሯ ቤተልሔም ደሴ ናት። አባቷ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ነበራቸው። ገና በዘጠኝ ዓመቷ፣ ለልደቷ የሚሆን ገንዘብ ፈልጋ፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ ቪዲዮ ማቀናበርና በደንበኞች ስልክ ላይ ሙዚቃ መጫን ጀመረች፤ በኋላ ከአይኮግ ላብስ ኩባንያ ጋር ሌሎች ልጆችን ኮድ ወደ ማስተማር ደረሰች። በዚያ ሱቅ ውስጥ ማሽኑን እንዳትነካ የከለከላት አልነበረም።

ወላጆች ሆይ፣ የምጠይቃችሁ ከባድ ነገር አይደለም። ቡናው ሲቆላ ሁለቱንም ልጆች ጥሩ። ጨዋታው ላይ ለእሷም የራሷ ሰዓት ይኑራት፤ ወንድሟ ሲሰለቸው የሚተርፍ ሰዓት ሳይሆን የእሷ የተባለ። እናቶች፣ በሥራ ላይ ኮምፒዩተሩን ምን እንደምታዙት፣ የታካሚ ስም ሳትጠሩ፣ ለልጆቻችሁ አውሩላቸው። እዚህ ኦስሎ ቶየን ሰፈር ያለው ቢብሎ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ከ10 እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች ክፍት ነው፤ አዋቂ አይገባበትም፣ መግቢያ አይከፈልበትም። ሴት ልጃችሁን ላኳት፣ እናንተ ደጅ ጠብቁ።