«ተመሳሳይ ቃል» ስለሚባለው መልመጃ፦ በመከተል፣ በመተካትና በመውረስ ላይ የቀረበ ሂስ

በአማርኛ ትምህርት ክፍሎች ከተለመዱት መልመጃዎች አንዱ ለተሰጠ ቃል ተመሳሳይ ፍች ያለውን ሌላ ቃል ፈልጎ ማዛመድ ነው። መልመጃው ለማዘጋጀት ቀላል፣ ለማረምም ፈጣን በመሆኑ በመምህራንና በፈተና አዘጋጆች ዘንድ ይወደዳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መልመጃው ከነአካቴው ይቅር ለማለት አይደለም። አሁን በሚሠራበት መልኩ የቃላትን ዝምድና እያሳየ ልዩነታቸውን እንደሚሰውር ለማመልከት ነው። ለዚህም አንድ ነገር ከሌላው ቀጥሎ መምጣቱን ወይም ከአንዱ ወደ ሌላው መተላለፉን የሚገልጹ ቃላት በማስረጃነት ተመርጠዋል።

«ልጁ አባቱን ተከተለ፤ ልጁ አባቱን ተካ፤ ልጁ አባቱን ወረሰ» የሚሉትን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች እንመልከት። ባለቤቱም ተሳቢውም አንድ ናቸው፤ የተለወጠው ግሱ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው አባትና ልጅ አብረው በመንገድ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። በሁለተኛው አባት ሥራውን ወይም ቦታውን ለቋል። በሦስተኛው አባት በሕይወት የለም፤ ንብረቱም ወደ ልጁ ተላልፏል። በዝርዝር መልክ ሲቀርቡ ጎን ለጎን የሚሰለፉት እነዚህ ቃላት፣ በዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገቡ የአንድን ሰው ሞትና ሕይወት እስከ መለየት ይደርሳሉ።

ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። ቅደም ተከተል ስለ ሥርዐት ብቻ ይናገራል፤ ማክሰኞ ሰኞን ይከተላል እንጂ አይወርስም። መፈራረቅ ደግሞ ቦታውን የለቀቀው ተመልሶ መምጣቱን ያመለክታል። ገበሬ ስንዴና ባቄላ አፈራርቆ ሲዘራ፣ ባቄላው አፈሩን አዳብሮ ቦታውን ለስንዴው ይለቃል፤ ተራው ሲደርስም ይመለሳል። ይህን «መተካት» ብሎ ማስተማር የዘዴውን ምክንያት መሰወር ነው።

ልዩነቱ በታሪክ ትምህርትም ክብደት አለው። ርስት የሚለው ቃል ከግእዙ ወረሰ የወጣ ሲሆን፣ በዘር ሐረግ የሚገኝ የመሬት መብት ነበር። ጉልት ግን በአብዛኛው ከአገልግሎትና ከሹመት ጋር የሚሰጥ፣ ግብር የመሰብሰብ መብት ነበር። ጉልት ለልጅ ልጅ እንዲተላለፍ ሲፈቀድ ስሙ ራሱ ተለውጦ ርስተ ጉልት ይባል ነበር። ሹም የቀድሞውን ሹም እንደሚተካ፣ ልጅ ደግሞ አባቱን እንደሚወርስ ለይቶ ያልተረዳ ተማሪ የእነዚህን ስሞች ትርጉም በቃሉ ቢያጠናም ሥርዐቱን አይረዳም።

ከዚህም በላይ አንዱ ቃል በጊዜ ብዛት ተቃራኒ የሚመስል ፍች ሊይዝ ይችላል። በ1967 ዓ.ም. በየካቲት የገጠር መሬት፣ በሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች በአዋጅ የመንግሥት ከሆኑ ወዲህ፣ «የተወረሰ ቤት» ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው ከአባት ለልጅ የተላለፈውን ሳይሆን ከባለቤቱ የተወሰደውን ነው። በአንድ ሥር ቃል አንዱ ያገኛል፤ ሌላው ያጣል። በዝርዝር ብቻ የተማረ ልጅ ይህን ከየት ያውቃል?

ነገሩ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በሕግ ፊት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 842 የሟች ልጆች በቅድሚያ እንደሚወርሱ፣ ድርሻቸውም እኩል እንደሚሆን፣ ከሟች በፊት የሞተ ልጅ ካለም ተወላጆቹ በእርሱ ምትክ እንደሚገቡ ይደነግጋል። በአንድ ድንጋጌ ውስጥ ቅደም ተከተል፣ ውርስና መተካት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሥራ ይሠራሉ። ከእነዚህ አንዱን በሌላው ብንለውጥ አባቱ የሞተበት የልጅ ልጅ ከአያቱ ቤት ባዶ እጁን ይወጣል። እንደዚሁም በዚህ ሕግ ባልና ሚስት ያለ ኑዛዜ አይወራረሱም። ባሏ የሞተባት ሴት ከጋራ ሀብት የምታገኘው ድርሻዋን ነው፤ ድርሻና ውርስም አንድ አይደሉም። አብዛኞቹ ተማሪዎቻችን ጠበቆች አይሆኑም፤ ሁሉም ግን አንድ ቀን የቤተ ዘመድ ጉዳይ ይገጥማቸዋል።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ችግሩ በእንግሊዝኛ በኩል ይመለሳል። ሰክሴሽን የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የዙፋንን ወራሽነት፣ የድርጊቶችን ተከታታይነት፣ የሟችን ሀብት መተላለፍ፣ በባዶ መሬት ላይ ዕፅዋት በጊዜ ብዛት እየተተካኩ መብቀላቸውንም ይሸፍናል። መምህሩ ለዚህ ሁሉ «ውርስ» የሚል አንድ ፍች ብቻ ቢሰጥ፣ በሥነ ሕይወት ክፍል ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው የባሕርይ ውርስ ከዕፅዋት መተካካት ጋር መደባለቁ አይቀርም።

እርግጥ ነው፣ ጀማሪ ተማሪ ሰፊ የቃላት ሀብት እንዲያገኝ ቀላል መንገድ ያስፈልገዋል፤ ተማሪ በበዛበት ክፍልም ረጅም ማብራሪያ ያስቸግራል። ነገር ግን የሚፈለገው ማሻሻያ ተጨማሪ ወረቀት አይጠይቅም። ተማሪው ቃሉን በዐረፍተ ነገር ውስጥ በሌላው ከለወጠ በኋላ «ምን ተለወጠ? ማን አገኘ? ማን አጣ?» ተብሎ ይጠየቅ። የፈተና አዘጋጆችም ከዐረፍተ ነገር የተነጠለ ቃል አቅርበው አንድ መልስ ብቻ ትክክል ነው ከማለት ይቆጠቡ። የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች በበኩላቸው ዕጩ መምህራን ቃልን ከነሥሩና ከነእርባታው እንዲመረምሩ ያለማምዱ። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት ቃላትን በየሥራቸው ማደራጀቱ ለዚህ መልካም አርአያ ነው።

ሁለት ቃላት ፍጹም አንድ የሚሆኑበት ጊዜ ጥቂት ነው። «ተመሳሳይ» የሚለው ቃል ራሱ መምሰልን እንጂ መሆንን አይገልጽም፤ መልመጃችንም ይህን ያክብር።