ካሜራ መያዝና ማየት
የፊልም ጥበብ በንባብ ብቻ እንደማይገኝ ለመረዳት «አቡና»ን መመልከት ይበቃናል። ቻዳዊው መሐመት ሳሌህ ሃሩን አዘጋጅቶ በ2002 እ.ኤ.አ. ለእይታ ያቀረበውን ይህን ፊልም በካሜራ የቀረጸው ኢትዮጵያዊው አብርሃም ኃይሌ ብሩ ነው፤ እርሱም ኋላ በአዲስ አበባ የብሉ ናይል የፊልምና ቴሌቪዥን አካዳሚን አቋቁሞ ወጣቶችን በተግባር አሠልጥኗል።

በፊልሙ ሁለት ወንድማማቾች ትቷቸው የሄደውን አባታቸውን በሲኒማ መጋረጃ ላይ ያዩት መስሏቸው የፊልሙን ጥቅል ይሰርቃሉ። ካሜራው አይቸኩልም፤ ለብርሃንና ለዝምታ ጊዜ ይሰጣል። እንዲህ ያለው ትዕግሥት በአጭር ሥልጠና ይገኛልን? መሣሪያውን መያዝ ፈጥኖ ይለመዳል፤ ማየት ግን ይዘገያል። ስለዚህ ካሜራ ይዞ ወደ ጎፋ ገብርኤል የሚወጣ ተማሪ ከመቅረጹ አስቀድሞ ቆሞ ይመልከት እንላለን። ሥልጠናውንም የምንመዝነው በምስክር ወረቀቱ ሳይሆን ሠልጣኙ በሚያሳየን ሥራ ነው።