የፎገራ ሩዝ፦ ፕሮጀክቱና ዋጋው

ሮበርት ቤትስ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የአፍሪካ ገበያና መንግሥት ጥናቱ አንድ ጥያቄ ያነሳል። መንግሥታት ገበሬውን እንርዳ ሲሉ ለምን የተሻለ ዋጋ ከመክፈል ይልቅ ፕሮጀክት ይመርጣሉ? መልሱ ፖለቲካዊ ነው፤ የተሻለ ዋጋ ደጋፊና ተቃዋሚ ሳይለይ ለሁሉም ይደርሳል፤ ፕሮጀክት ግን ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ባለሥልጣኑ ነው። ይህን ሐሳብ ለመፈተን ከፎገራዋ ከተማ ከወረታ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

በርብና በጉማራ ወንዞች ዙሪያ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃ ይተኛበታል። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሩዝ የተሞከረው በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ውስጥ ነበር። በዚያው ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው በኮታና በተቆረጠ ዋጋ እህል ይሰበስብ ነበር፤ ቤትስ የገለጸውም ይህን ዓይነቱን መንግሥት ነው። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ ኮታው ሲቀር ማኅበራቱም ፈረሱ። ፕሮጀክቱ ሞተ፣ ሰብሉ ግን ኖረ። ገበሬው ዘሩን ከጎረቤት እየተቀባበለ አዘለቀው፣ እንጀራም ጋገረበት፣ ጠላም ጠመቀበት። በሰፊው የሚታወቀው ዝርያ «ኤክስ ጅግና» መባሉ ያንን ታሪክ ይዞ ቀርቷል።

ከዓመታት በኋላ መንግሥት ወደ ሩዙ ተመለሰ። «የሚሊኒየም ሰብል» አለው፣ ብሔራዊ ስትራቴጂ አወጣለት፣ በጃፓን ድጋፍም ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቋመ። ይህን አላናንቅም፤ የሜዳውን ቅዝቃዜ የሚችል ዝርያ ያለ ምርምር አይገኝም። የሚያሳስበኝ የሚቆጠረው ነገር ነው። ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለክልል የሚልከው ሪፖርት በሄክታር፣ በኩንታልና በሠለጠነ ገበሬ ብዛት የተሞላ ነው። ኃላፊው በግምገማ የሚመዘነው በእነዚህ ስለሆነ ትጋቱም ወደዚያው ያዘነብላል። ጋዜጠኛውም የሚመጣው ማሳው ባማረበት በጥቅምት፣ ከጎብኚው ባለሥልጣን ጋር ነው፤ ዜናው ሄክታርና ኩንታል ይዞ ይመለሳል።

ዋጋው የሚቆረጠው ግን በታኅሣሥና በጥር፣ በወረታ የሩዝ መፈልፈያ ቤቶች ግቢ ውስጥ ነው። ገበሬው ጆንያውን ያራግፋል። በአግባቡ ያልደረቀው ፍሬ ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ይሰባበራል፤ ቀዩና ነጩ ከተደባለቀ ደግሞ የባሰ ነው። ነጋዴው እፍኝ ዘግኖ በመዳፉ ይገልጠዋል፣ ስባሪውን በዓይኑ ይለካል፣ ዋጋውን ይጠራል። ግብርም ዕዳም ያለበት ሻጭ ተከራክሮ ለመቆየት አቅም የለውም። የከተማው ሸማች ለሩዝ ምግቡ ከውጭ የገባውን ነጭ ሩዝ ሲመርጥ፣ የፎገራው ከጤፍ ጋር ተቀይጦ ለእንጀራ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ቤትስ በግማሹ ይረታል፣ በግማሹ ይሸነፋል። ዛሬ የፎገራን ዋጋ በኮታ የሚጫን ድርጅት የለም፤ ዝቅ የሚያደርጉት የስባሪው ብዛት፣ የውጭው ሩዝ ውድድርና የገበሬው ዕዳ ናቸው። የፕሮጀክት ፍቅር ግን እንዳለ ነው። ማድረቂያ ሸራ፣ የጥራት ደረጃ፣ እህሉን መያዣ አድርጎ የሚያበድር መጋዘን ለምረቃ ሪባን አይመቹም።

ሪፖርቱ የማይቀንሰው ሌላ ሂሳብም አለ። አዲስ የሩዝ ሄክታር ሲደመር ጠፍ ሜዳው፣ በወተቷ የታወቀችው የፎገራ ላም የምትግጥበት የወል ግጦሽ፣ ምን ያህል እንደጠበበ አይጻፍም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የወል መሬት እጣ የሚወሰነውም በቀበሌና በወረዳ ነው። ስለዚህ ከላይ የሚመጣ የሄክታር እቅድ ታች ሲደርስ መሬት ከየት እንደሚያገኝ መገመት አያዳግትም።

ጥናቱን ከግብርና ጽሕፈት ቤት የሚጀምር ተመራማሪ ይህንኑ ሪፖርት ይዞ ይወጣል። ከመፈልፈያው ግቢ ቢጀምርስ? በአንድ የጥር ገበያ ቀን እህሉን ሳይሸጥ መመለስ የቻለው ገበሬ የትኛው ነው፣ ዕዳውስ የማን ነው?