ጥሩ አውቶቡስ በክፉ ካርታ ላይ

ጆሃንስበርግ ሲባል ለአብዛኛው የሀገራችን ሰው ትዝ የሚለው ወይ ወርቅ ነው፣ ወይ ዝርፊያ። ስለ አውቶቡሷ የሚጽፍ የለም። እኔ ግን ይህችን ከተማ ማወቅ የፈለገ ሰው ሙዚየም ከመግባቱ በፊት ሬያ ቫያ በሚባለው የከተማ አውቶቡስ ከሶዌቶ እስከ ዶርንፎንቴን አንድ ጊዜ ቢሄድ ይሻለዋል ባይ ነኝ። ስሙ በአገሬው ቋንቋ “እየሄድን ነው” እንደማለት ነው። የኔም ጥያቄ ከስሙ ይነሳል። እየሄድን ነው፣ ደግ! ለመሆኑ የሚሄደው ማን ነው? ከመነሻውስ ያን ያህል መንገድ እንዲሄድ የፈረደበት ማን ነው? (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሳያመሰግኑ መንቀፍ ነውር ነውና አስቀድሜ የሚመሰገነውን ላመስግን። ሬያ ቫያ ሥራ የጀመረው የደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ አንድ ዓመት ሳይሞላ ሲቀረው፣ ኦገስት 30 ቀን 2009 ነው። የመጀመሪያው ዋና መስመር በሶዌቶ ከቶኮዛ ፓርክ ተነስቶ፣ ኦርላንዶንና ዲፕክሉፍን አልፎ፣ መሀል ከተማውን አቋርጦ ኤሊስ ፓርክ ስታዲየም አካባቢ ያበቃል፤ 25.5 ኪሎ ሜትር ነው። ሐሳቡ የተቀዳው በ2000 ትራንስሚሌኒዮ የተባለውን አውቶቡስ ካስጀመረችው ከኮሎምቢያዋ ቦጎታ ነው። ነገሩ ረቂቅ አይደለም። የመንገዱ መሀል ለአውቶቡሱ ብቻ ይከለላል። ጣቢያው ከፍ ተደርጎ ስለሚሠራ ወለሉ ከአውቶቡሱ ወለል ጋር ይገጥማል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው “አንሱኝ” ብሎ ማንንም ሳይለምን ይገባል፤ እናት የልጇን ጋሪ እየገፋች ትገባለች። ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው በሥራ መግቢያ ሰዓት አንበሳ አውቶቡስ በር ላይ ተጋፍቶ ለማያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ከሁሉ የማደንቅላቸው ደግሞ የታክሲ ባለንብረቶቹን የያዙበትን መንገድ ነው። ጆበርግ የምትንቀሳቀሰው በሚኒባስ ታክሲ ነው፤ ከሕዝብ ትራንስፖርት ተጠቃሚው አብላጫውን የሚያመላልሰው እሱ ነው። በነገራችን ላይ እዚህ ወያላ የለም። ወደ መሀል ከተማ የሚሄድ ሰው ጠቋሚ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ ታክሲውን ያስቆማል፤ ሒሳቡ ከኋላ ወንበር ጀምሮ በተሳፋሪው እጅ ወደፊት ይተላለፋል፤ ከሹፌሩ አጠገብ የተቀመጠ ምስኪን ደግሞ ሳይቀጠር ሒሳብ ሹም ሆኖ ገንዘብ ይቆጥራል፣ መልስ ይመልሳል። ሬያ ቫያ ሲመጣ ይህ ሁሉ ሰው “እንጀራዬ ተነካ” ብሎ ተነሳ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በአውቶቡሶቹ ላይ ተተኩሶ ሰዎች ቆስለዋል። ከተማው ግን በፖሊስ ብቻ አልተማመነም፤ ተደራደረ። በ2011 ከ300 በላይ የታክሲ ባለንብረቶች ታክሲያቸውን ከመስመሩ አውጥተው ፒዮትራንስ በሚባለው አውቶቡሶቹን የሚያንቀሳቅስ ኩባንያ ውስጥ ባለአክሲዮን ሆኑ። ድርድሩ እንከን የለሽ ነበር አልልም። ሆኖም ሰውን ከሥራው አፈናቅሎ “ልማት ነው” ከማለት ጋር ሲነጻጸር የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

እንግዲህ ወደ ነቀፋዬ ልግባ። ከሶዌቶ የሚነሳው አውቶቡስ ጠዋት ጢም ብሎ ነው የሚሞላው። ዲፕክሉፍን ካለፈ በኋላ ግን ለረጅም መንገድ የሚወርድም የሚወጣም እምብዛም የለም። ወደ መስኮቱ ዞር ያለ ሰው ምክንያቱን ያየዋል፦ አውራ ጎዳና፣ መጋዘን፣ ፋብሪካ፣ ከወርቅ ጉድጓድ የወጣ የአፈር ተራራ። ይህ ባዶ ቦታ በአጋጣሚ የተረፈ አይደለም። ከ1923 ጀምሮ በከተማ የሚኖረውን ጥቁር የሚቆጣጠር ሕግ ነበር፤ በ1950 እያንዳንዱ ዘር የሚኖርበትን ሰፈር የሚመድብ ሕግ ተጨመረ። በ1955 ለከተማው የቀረበችው ሶፊያታውን መፍረስ ስትጀምር ነዋሪዋ በካሚዮን ተጭኖ ሜዶውላንድስ ወደሚባለው የሶዌቶ ክፍል ተወሰደ። ሶዌቶ የሚለው ስም ራሱ “ደቡብ ምዕራብ ሰፈሮች” የሚለው የእንግሊዝኛ መጠሪያ ምህጻረ ቃል ነው፤ የአቅጣጫ ስም ሰጥተው አስቀመጡት። ጥቁሩ ለሥራ ቀርቦ፣ ለኑሮ ርቆ እንዲቀመጥ የተሰመረ ካርታ ነው። ሬያ ቫያም የሚሄደው በዚያው ካርታ ላይ ነው።

ይህን የምለው ለስሜት አይደለም፤ ሒሳቡም እዚሁ ላይ ስለሚበላሽ ነው። ቦጎታ ውስጥ ሕዝቡ በመስመሩ ግራና ቀኝ ተጠጋግቶ ስለሚኖር አንዱ ሲወርድ ሌላው ይሳፈራል፤ አንድ ወንበር በአንድ ጉዞ ደጋግሞ ይሸጣል። ከሶዌቶ በሚነሳው አውቶቡስ ግን በአብዛኛው አንድ ወንበር በአንድ ጉዞ የሚሸጠው አንድ ጊዜ ነው። ጠዋት ወደ ከተማ ሞልቶ የሄደው ባዶውን ይመለሳል፤ ማታ ደግሞ ተገላቢጦሽ። ቀን ቀን ብዙው ወንበር አየር ይጭናል። እንዲህ ያለ አውቶቡስ የማዘጋጃ ቤቱን ድጎማ ቢበላ ሊያስደንቀን አይገባም፤ የሚከፈለው የርቀቱ ዕዳ ነው። የባሰው ደግሞ ታሪፉ በኪሎ ሜትር የሚወጣ መሆኑ ነው። በራቀ ቁጥር ይጨምራል። በአፓርታይድ ሕግ አያቱ እሩቅ የተጣለበት ሰው ዛሬ የልጅ ልጁ ከቅርብ ነዋሪው የበለጠ ይከፍላል ማለት ነው። ይህን ስል ቲኬቱ ውድ ነው ማለቴ አይደለም፤ ከታክሲው ጋር ሲወዳደር ደህና ነው። የምነቅፈው አከፋፈሉ የተመሠረተበትን ሐሳብ ነው።

የትራንስፖርት ዋጋ በዚህ አገር ቀልድ ሆኖ አያውቅም። በ1943 በሰሜን በኩል ባለችው አሌክሳንድራ የአውቶቡስ ዋጋ ከአራት ፔኒ ወደ አምስት ሲጨመር ሕዝቡ “አንሳፈርም” ብሎ በእግሩ ሄደ፤ ወጣቱ ኔልሰን ማንዴላ አብሮ ከተራመዱት አንዱ ነበር። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ዋጋው ወደነበረበት ተመለሰ። በ1957 ያችኑ አንዲት ፔኒ ለመጨመር ቢሞከር ሕዝቡ ለወራት፣ ጠዋት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ማታ ደግሞ ያንኑ ያህል እየተጓዘ እንደገና አሸነፈ። ያ ሁሉ እግር የረገጠው ሉዊ ቦታ የሚባለውን ጎዳና ነው። ከ2010 ወዲህ ሬያ ቫያን በዚሁ ጎዳና ወደ አሌክሳንድራና ወደ ባለጸጎቹ ሳንድተን ለማድረስ ጣቢያዎች ተሠሩ፤ ተሠርተውም ለዓመታት በራቸው እንደተዘጋ ቆሙ። ጋውትሬን የተባለው ፈጣን ባቡር ግን በ2010 ለዓለም ዋንጫው ደርሶ ከአየር ማረፊያው ሳንድተን መመላለስ ጀመረ። ማርልቦሮ የሚባለው ጣቢያው አሌክሳንድራ አፍንጫ ሥር ነው፤ ሶዌቶ ግን አይደርስም። የትኛው ቀድሞ እንዳለቀ ያየ ሰው የማን ጊዜ እንደሚከበር ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም።

አሁን ወደራሳችን ሰው ልምጣ። ሬያ ቫያ መሀል ከተማ ሲገባ የሀበሻ ሰፈር ከሆነችው ከጄፒ በእግር ጥቂት ደቂቃ ብቻ በሚርቅ መንገድ ያልፋል። ጄፒ ስትሪት ዛሬ በይፋ ራሂማ ሙሳ ይባላል፤ በ1956 የሴቶቹን ሰልፍ ከመሩት አራቱ አንዷ ናት። ነጋዴው ግን አሁንም ጄፒ ነው የሚለው። የቀድሞ የሐኪም ቢሮ የነበሩ ፎቆች ጓዳ ጓዳቸው ሱቅ ሆኖ፣ ከሆሳዕናና ከዱራሜ አካባቢ የመጣው ወጣት ብርድ ልብስ፣ መጋረጃና ጫማ ይሸጣል። ከዚምባብዌ፣ ከማላዊ፣ ከሞዛምቢክ እየመጡ በጅምላ የሚወስዱ ደንበኞች አሉት። ብዙው ደግሞ ሎኬሽን በምንላቸው የጥቁር ሰፈሮች ውስጥ ሱቅ አለው፤ ወይም ቤት ለቤት በዱቤ ያዞራል። ታዲያ ይህ ሰው በሬያ ቫያ ለምን አይሄድም? ሸክም ስላለው ነዋ! የጣቢያው መሽከርከሪያ በር፣ የአውቶቡሱ መተላለፊያ፣ ሁሉም የተለካው እጁን አወናጭፎ ቢሮ ለሚገባ ሰው ነው። ሦስት ቦንዳ ብርድ ልብስ የያዘ ሰው ሳይወድ በግዱ ባኪ የምንለውን ፒክአፕ ይከራያል፤ ወይም ለዕቃውም ጭምር ከፍሎ በታክሲ ይሄዳል። ከተማዋን ከሚያኖሯት ሥራዎች አንዱ ንግድ ሆኖ ሳለ አውቶቡሷ ነጋዴን አላሰበም።

ባዶ እጁን ለሚሄድ ስደተኛ ግን ሬያ ቫያ አንድ ውለታ ይውላል፤ ይህን ሲጽፍ ያየሁት ሰው የለም። በታክሲ ሲሄዱ መውረጃን ጮክ ብሎ መናገር ግድ ነው። “አፍተር ሮቦት” ይባላል፤ ሮቦት እዚህ የትራፊክ መብራት ነው። አፍ ሲከፈት ደግሞ የመጡበት አገር ይታወቃል። በሜይ 2008 ከአሌክሳንድራ ተነስቶ 62 ሰው በጨረሰው ጥቃት ጊዜ መንገድ ላይ ሰው እየቆመ “ክርን በዙሉ ምን ይባላል?” እየተባለ ይፈተን ነበር። በ2015ም በ2019ም ሱቃችን ተዘርፏል፣ ሰዎቻችን ሞተዋል። ሬያ ቫያ ላይ ግን ካርዱን አስነክቶ መግባት፣ በሩ ሲከፈት መውረድ ነው፤ ማንም ምንም አይጠይቅም። ዝም ብሎ መሄድ መቻል ለሌላው ተራ ነገር ነው፤ ለኛ ግን ከቲኬቱ ዋጋ በላይ ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው ለጆበርግ ብቻ ተቆርቁሬ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ከመሀል የተነሳው ሰው በኮንዶሚኒየም ዘመን ወደ ጀሞ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ ኮዬ ፈጬ ሄደ። በ2024 ደግሞ ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርሱ ጎረቤትና ዕድር ተበትኖ ወደ ዳር ተወሰደ። በዘር ሕግ አይደለም፣ ልዩነቱን አውቃለሁ። ጉሊት ትቸረችር የነበረች እናት ግን ገበያዋ መሀል ከተማ ቀርቶ እሷ ዳር ስትጣል፣ ጠዋት ሞልቶ ሄዶ ባዶውን የሚመለሰውን አውቶቡስ እኛም በገዛ እጃችን እየፈጠርነው ነው። በ2015 በብድር የተሠራው ቀላል ባቡርም ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ብዙ ባቡሮቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመዋል።

የአዲስ አበባ ሹማምንት ለልምድ ልውውጥ ወደዚህ ብቅ ካሉ አስጎብኚው የሚያሳያቸው በመስታወት የተሠራውን ጣቢያ ነው። ከሰሙኝ ብቻቸውን፣ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ፣ ከቶኮዛ ፓርክ ይሳፈሩና ባዶ ወንበር እየቆጠሩ እስከ ኤሊስ ፓርክ ይሂዱ። ሲመለሱ ጄፒ ጎራ ብለው ሁለት ብርድ ልብስ ይግዙና በሚኒባስ ታክሲ ይመለሱ። ከሹፌሩ አጠገብ ግን እንዳይቀመጡ፤ ሒሳብ መሰብሰቡ የእነሱ ይሆናል።