«ድምፁ ጠፋ»፦ በአንድ የኤሌክትሪክ መኪና መመሪያ የቃላት አጠቃቀም ላይ የቀረበ ሒስ

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ከተገለጸ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በከተሞቻችን መንገዶች ላይ እንግዳ መሆኑ ቀርቷል። መኪናው የመጣው ከነቃላቱ ነው። ቀደም ሲል ከጣሊያንኛ የገቡትን ፍሬን፣ ፍሬቻ፣ ጎማና ማርሽ የሚባሉትን ቃላት ሕዝቡ ራሱ ከጋራዥ ሰምቶ ስላለመዳቸው ማንም ተርጓሚ አልደከመባቸውም። የዛሬዎቹ ቃላት አመጣጥ ግን የተለየ ነው። የሚደርሱን በጽሑፍ፣ ይኸውም ከእንግሊዝኛ ወይም ከቻይንኛ በተመለሰ የአጠቃቀም መመሪያ አማካይነት ስለ ሆነ ተርጓሚው የሳተው ነገር በጋራዥ ንግግር ሳይታረም በቀጥታ ከአሽከርካሪው እጅ ይገባል።

በዚህ ሒስ የምንመለከተው አንድ የጋራዥ ባለሙያ ያሳየንን፣ የእንዲህ ዓይነቱን መመሪያ አንድ ምዕራፍ ነው። ምዕራፉ የመኪናው ድምፆች በማይሰሙበት ጊዜ ምን መደረግ እንደሚገባው ያስረዳል። የአስመጪውን ስም መጥቀስ አላስፈለገንም፤ ጉድለቱ የአንድ ድርጅት ብቻ ነው ብለን አናምንምና። መመሪያው በአማርኛ መዘጋጀቱ ራሱ የሚመሰገን ነው። ፍሬቻን «የአቅጣጫ አመላካች መብራት» በሚል ረጅም ሐረግ ሳይለውጥ እንዳለ መተዉም የተርጓሚውን ማስተዋል ያሳያል። ቅሬታችን በሌላ ነገር ላይ ነው።

ባለሙያው እንደ ነገረን፣ የአንድ ደንበኛው መኪና በዝግታ ሲሄድ ወደ ውጭ ሊያሰማ የሚገባውን ድምፅ ማሰማት ያቆማል። ባለቤቱም መመሪያውን ይገልጣል። «የማንቂያ ድምፅ ሲጠፋ» ከሚለው ርእስ ሥር ያገኘው የመጀመሪያ ትእዛዝ በስክሪኑ ላይ ድምፅ እንዲጨምር የሚያዝ ነበር። ጨመረ፤ የቀበቶው ድምፅ ጎልቶ ተሰማው፤ ችግሩ ተወገደ ብሎም መንዳቱን ቀጠለ። የውጩ ድምፅ ማጉያ ግን እንደ ተዘጋ ነበር። ይህም የታወቀው መኪናው ለሌላ ጉዳይ ጋራዥ በገባበት ቀን፣ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ አንድ ሠራተኛ መኪናው አጠገቡ እስኪደርስ ድረስ ሳይሰማው በመቅረቱ ነው። ሰውየው ሳይጎዳ ተረፈ። ባለቤቱ መመሪያውን በትክክል ፈጽሟል፤ ያሳሳተው የመመሪያው ቋንቋ ነው።

ስሕተቱ የት እንዳለ ለማየት አስቀድሞ የድምፆቹን ጠባይ መለየት ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ሞተር በዝግታ ሲሠራ ከሞላ ጎደል ድምፅ የለውም። ስለዚህ የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 138 መኪናው ከመነሻው እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ፍጥነት ድረስ ሰው ሠራሽ ድምፅ ወደ ውጭ እንዲያሰማ ይጠይቃል። የድምፁም መጠን በ10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከ50፣ በ20 ኪሎ ሜትር ደግሞ ከ56 ዴሲቤል ማነስ የለበትም። ከዚያ በላይ በሆነ ፍጥነት የጎማውና የነፋሱ ድምፅ በቂ ነው ተብሎ ይታመናል። የአውሮፓ ኅብረትም ከሐምሌ 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን መሣሪያ በአዲስ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ሁሉ ላይ ግዴታ አድርጎታል። ድምፁ የሚወጣው በመኪናው ውጭያዊ ክፍል ከተገጠመ የራሱ ድምፅ ማጉያ ሲሆን ከሬዲዮው ድምፅ መጨመርና መቀነስ ጋር ግንኙነት የለውም።

ይህ አንደኛው ድምፅ ነው። ሁለተኛው በመኪናው ውስጥ ለአሽከርካሪው የሚሰማው ነው፤ ቀበቶ አለማሰሩን፣ በር አለመዘጋቱን ወይም ከፊቱ ካለው ነገር ጋር ሊጋጭ መቃረቡን ይነግረዋል። ሦስተኛው አንድ ነገር በትክክል መፈጸሙን የሚያረጋግጠው ድምፅ ነው፤ በሩ ሲቆለፍ ወይም የኃይል መሙያው ገመድ ሲሰካ የሚሰማው ከዚህ ወገን ይመደባል። መመሪያው ግን ሦስቱንም አንዴ «ማንቂያ»፣ አንዴ «ደወል»፣ አንዴ «ማሳሰቢያ» እያለ ያለ ልዩነት ይጠራቸዋል። የመደበላለቁ ምክንያት ከምንጮቹ የመጣ ይመስለናል። የእንግሊዝኛው ስያሜ የውጩን ድምፅ የሚያስጠነቅቅ ሲለው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የቻይና መመዘኛ ግን ይህንኑ ድምፅ የሚያሳስብ በሚል ቃል ይጠራዋል። ሁለቱን እያፈራረቀ የተከተለ ተርጓሚ አንድን ነገር በሁለት ስም መጥራቱ አይቀርም።

ቃላቱን አንድ በአንድ እንመርምር። «ማንቂያ» ነቃ ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ የሚነቃውም የተኛ ወይም ያንቀላፋ ነው። እንቅልፍ ለሚጫጫነው አሽከርካሪ የተሠራ ድምፅ ቢኖር ስያሜው ይስማማዋል፤ እግረኛው ግን አልተኛም። «ደወል» በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በትምህርት ቤት ሰውን የሚሰበስብ ነው። ደወል ና ይላል፤ የመኪናው ድምፅ ግን ራቅ ይላል። «ማሳሰቢያ» የተረሳን ነገር ወደ ሐሳብ መመለስ ስለ ሆነ ለቀበቶውና ለበሩ ተገቢ ነው፤ ወደ ሰው እየቀረበ ላለ መኪና ግን ይላላል። ለዚህ የሚበቃው «ማስጠንቀቂያ» ነው።

ሆኖም «ማስጠንቀቂያ» ብቻውን አይበቃም። አስጠነቀቀ የሚለው ግስ ማንን ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሻል፤ መመሪያው ግን ይህን መልስ በአንድም ቦታ አይሰጥም። በበኩላችን ስያሜው ድምፁን የሚሰማውን ሰው እንዲጠራ ሐሳብ እናቀርባለን። የእግረኛ መንገድና የእግረኛ መሻገሪያ እንደምንለው ሁሉ የውጩን «የእግረኛ ማስጠንቀቂያ»፣ የውስጡን እንደ ክብደቱ «የአሽከርካሪ ማስጠንቀቂያ» ወይም «የአሽከርካሪ ማሳሰቢያ»፣ ሦስተኛውን ደግሞ «ማረጋገጫ ድምፅ» ብንለው ባለቤቱ ከርእሱ ብቻ ወዴት ማዳመጥ እንዳለበት ያውቃል። ለውጩ ድምፅ «ቃጭል» የሚል ሐሳብ የሚያቀርብ ቢኖር አንቃወምም። በበቅሎ አንገት ላይ የታሰረ ቃጭል መምጣቷን ለመንገደኛ ያስታውቅ ነበርና ንጽጽሩ ያምራል። ነገር ግን ቃሉ በቅዳሴ ጊዜ ያለው አገልግሎት ሕያው ስለ ሆነ ለመመሪያ ጽሑፍ ግልጽ የሆነውን ሐረግ እንመርጣለን።

ከስሙ ይልቅ የባሰው ጉድለት በግሱ ላይ ነው። በአማርኛ «ጠፋ» ማለት አንድም ታጣ፣ አንድም በሰው እጅ ተዘጋ ማለት ነው። ገንዘብ ይጠፋል፤ መብራትም ይጠፋል። እንግዲህ «ድምፁ ጠፍቷል» የሚለውን ያነበበ ሰው ድምፁ ተበላሽቷል ይበል ወይስ ዘግተውታል ይበል? ብልሽትን የሚፈልግ ሰው ከሁሉ በፊት መለየት ያለበት ይህንኑ ሆኖ ሳለ፣ መመሪያው ሁለቱን በአንድ ግስ ሸፍኖ አልፏል።

ልዩነቱ የሰዋስው ጨዋታ አለመሆኑን በሌላ አገር በይፋ የተመዘገቡ ሦስት ጉዳዮች ያስረዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ በአሜሪካ የቴስላ ኩባንያ 135,000 ያህል ሞዴል ኤስ እና ሞዴል ኤክስ መኪናዎችን ለጥገና ጠርቷል። የስክሪኑ ማኅደረ ትውስታ በመረጃ መጻፍ ብዛት እያለቀ ሲሄድ የፍሬቻው ድምፅ ጭምር ሊቀር ይችል ነበር። በየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከ817,000 በሚበልጡ መኪናዎች ላይ፣ የቀበቶው ድምፅ በቀደመው ጉዞ ተቋርጦ ከነበረ በሚቀጥለው መነሻ ላይ ላይሰማ እንደሚችል ተደረሰበት፤ መድኃኒቱም የሶፍትዌር እርማት ብቻ ነበር። በዚያው ወር ሌሎች 578,000 ያህል መኪናዎች የተጠሩት ወደ ውጭ ሙዚቃና ልዩ ልዩ ድምፅ የሚያሰማው መሣሪያቸው የእግረኛውን ማስጠንቀቂያ ሊውጠው ስለሚችል ነው። በመጀመሪያው ጉዳይ ድምፁ ተበላሽቷል፤ በሁለተኛው ተቋርጧል፤ በሦስተኛው ተሸፍኗል። በመመሪያችን አማርኛ ግን ሦስቱም «ጠፋ» ናቸው።

ስለዚህ «ጠፋ» የባለቤቱ የአቤቱታ ቃል ሆኖ ይቆይ፤ የመመሪያው የምርመራ ቃል ግን አይሁን። ባለቤቱ በስክሪኑ ላይ ያቆመው ድምፅ «ተዘጋ»፣ መጠኑ ያነሰው «ተቀነሰ»፣ ለጊዜው ቆሞ ሊመለስ የሚገባው «ተቋረጠ»፣ በሌላ ድምፅ የተዋጠው «ተሸፈነ»፣ መሣሪያው የማይሠራው «ተበላሸ» ይባል። ቃላቱ ሁሉ አሁን በሰው አፍ ያሉ ናቸው፤ አዲስ የፈጠርነው የለም። መኪናው ከተወሰነው ፍጥነት በላይ ሲሄድ የውጩ ድምፅ ዝም ማለቱ ግን ከነዚህ ከአንዱም አይመደብም። ያ ጤናማ ዝምታ ስለ ሆነ መመሪያው «አይሰማም፤ ይህም ብልሽት አይደለም» ብሎ በግልጽ ሊጽፈው ይገባል።

ቃላቱ እንዲህ ከተለዩ የምዕራፉም ቅደም ተከተል ይስተካከላል። መጀመሪያ የቀረው ድምፅ ለማን የሚሰማው እንደ ሆነ ይጠየቅ። የውስጡ ከሆነ በመሪው ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ ምልክቱ መብራቱ ይታይ። መብራቱ በርቶ ድምፁ ከቀረ መኪናው ነገሩን አውቆታል፤ ጉድለቱ በድምፁ በኩል ነውና መጠኑና ድምፅ ማጉያው ይታዩ። መብራቱም ድምፁም ከቀሩ ግን ነገሩን የሚለየው መሣሪያ ራሱ ይጠረጠራል፤ ድምፅ መጨመርም ምንም አይጠቅምም። የቀረው የውጩ ድምፅ ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው ገለል ባለ ስፍራ ከመኪናው ጎን ራቅ ብሎ ቆሞ፣ መኪናው በዝግታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲሄድ ያዳምጥ። አሽከርካሪው በራሱ ጆሮ ከውስጥ ሊመሰክር አይችልም። ድምፁ ካልተሰማ ነገሩ የባለሙያ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ ይህን ሒስ እንድንጽፍ ያስገደደን ነው። ሌሎች ብልሽቶች የሚጎዱት በአብዛኛው መመሪያውን የሚያነበውን ሰው ሲሆን፣ የውጩ ድምፅ በቀረ ጊዜ የሚጎዳው ግን መመሪያውን የማያነበው መንገደኛ፣ ይልቁንም መንገዱን በጆሮው የሚሻገረው ዓይነ ስውር ነው። ተርጓሚው የሚጽፈው ለማያውቀውና ለማያነበው ሰው ደኅንነት ጭምር ነው ማለት ነው። ከላይ የዘረዘርናቸውን ስያሜዎች ለውይይት ስናቀርብ፣ ከመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ይልቅ የጋራዥ ባለሙያዎች አስቀድመው እንዲጠየቁባቸው እንመክራለን። «የትኛው ድምፅ?» ብሎ መጀመሪያ የጠየቀን ከነርሱ አንዱ ነበርና።