«ራዲያተሩን ያድሙት»፦ ስለ አንድ የትርጉም ረቂቅ የቀረበ አስተያየት

የሙያ ቃላት ትርጉም ከሌላው ትርጉም የሚለየው፣ ስሕተቱ በአንባቢው እጅ ላይ የሚታይ በመሆኑ ነው። በብርድ አገሮች ለሚኖሩ ወገኖቻችን ስለ ቤት ማሞቂያ የተዘጋጀ አንድ የትርጉም ረቂቅ ለአስተያየት ደርሶናል። ከዐረፍተ ነገሮቹ አንዱ፦ «ማዕከላዊው ማሞቂያ የታሰረ አየር ካለው ራዲያተሩን በቁልፉ ያድሙት» ይላል። ሰዋስዉ እንከን የለበትም። ይሁን እንጂ ከመካነ ኢየሱስ ተነሥቶ ውጭ አገር የገባ፣ የደጋውን ብርድ በምድጃና በጋቢ ሲከላከል ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ ምን እንዲያደርግ እንደ ታዘዘ ሊረዳ አይችልም።

አስቀድመን ነገሩን እንመልከት። በዚህ ዐይነቱ ማሞቂያ አንድ ቦይለር ውሃ ያሞቅና ውሃው በቧንቧ እየዞረ በየክፍሉ ላሉት ራዲያተሮች ሙቀቱን ያድላል። ውሃ አየር ሟሙቶበት ይኖራል፤ ሲሞቅም ይለቀዋል። ለምሳሌ በባሕር ጠለል ከፍታ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 14.6 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ሲይዝ፣ በ20 ዲግሪ የሚይዘው 9.1 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። የተለቀቀው አየር ወደ ላይ ወጥቶ በራዲያተሩ አናት ይጠራቀማል። በዚህ ጊዜ ራዲያተሩ ከታች ሲሞቅ ከላይ ይቀዘቅዛል፤ ውስጡም ይንቦጫቦጫል።

አሁን ወደ ቃላቱ እንመለስ። «ማድማት» በአማርኛ አቁስሎ ደም ማፍሰስ ነው። የባዕዱ ቋንቋ ይህንኑ ግሥ ፈሳሽንና አየርን ለማውጣትም ይሠራበታል፤ የእኛው ግን ከአካል አይወጣም። «የታሰረ አየር» የሚለውም ቢሆን በአገራችን «ማዕከላዊ» ከሚለው ቃል ጎን ሲቀመጥ አንባቢውን ወደ ሌላ ሐሳብ ይወስደዋል፤ በዚህ ስም ይታወቅ የነበረው እስር ቤት በ2010 ዓ.ም. ቢዘጋም ስሙ ከአእምሮ አልጠፋም። «የታፈነ አየር» እንዳንል ደግሞ መስኮት ያልተከፈተለትን ክፍል ያመለክታል።

የሚያስፈልገን ቃል ከሕዝቡ አፍ ሳይርቅ ይገኛል። የመኪና ጎማ ሲከፈትና አየሩ ሲወጣ «ጎማው ተነፈሰ»፣ አውቆ ያወጣውም «አስተነፈሰው» ይባላል። «ጎማ» የሚለውን ስም ከጣልያንኛ ወሰድን፤ ግሡን ግን ከራሳችን ሰጠነው። ከጎማም በፊት ነገሩ በቤታችን ነበረ። በደጋው ገበሬ ቤት እርጎ የሚገፋባቸው አንዳንድ የሸክላ ዕቃዎች በአንገታቸው አጠገብ ትንሽ ቀዳዳ አላቸው። በመግፋት ጊዜ የሚጠራቀመው ጋዝ የሚተነፍሰው በዚያ ነው፤ ቅቤው መውጣቱም ጭራሮ ወደ ቀዳዳው ተሰዶ ይታያል። የራዲያተሩ ቀዳዳ ሥራ ከዚህ አይለይም። ስለዚህ ድርጊቱን «ማስተንፈስ»፣ ቀዳዳውን «ማስተንፈሻ» ብንለው ማንም ሊስተው አይችልም።

ለተጠራቀመው አየር ደግሞ «ቋጠረ» የሚለው ግሥ ይበቃናል። ቁስል መግል ይቋጥራል፤ የተቃጠለ እጅ ውሃ ይቋጥራል። «ራዲያተሩ አየር ቋጥሯል» ቢባል አየሩ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ መውጫ እንዳጣ ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ይታወቃል። መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ግን ፍቺውን ሲጽፉ «አየር ወይም ሌላ ጋዝ» እንዲሉ እናሳስባለን፤ ብረት በውስጥ ሲዝግ የሚፈጠረው ሃይድሮጅንም በዚያው ስለሚቋጠር ነው።

የቀሩት ሁለት ናቸው። «ቁልፍ» በር መክፈቻም፣ የልብስም፣ የሚጫኑትም ነገር ስለ ሆነ አንባቢው የሚጫን ነገር ሲፈልግ ይውላል፤ «መፍቻ» ይሻላል። «ማዕከላዊ ማሞቂያ» የሚለውንም «አገር አቀፍ» እንደምንለው «ቤት አቀፍ ማሞቂያ» ብንለው ዋና ጠባዩን ይገልጻል። «ራዲያተር»፣ «ቦይለር» እና «ፓምፕ» ግን ተለምደዋልና ይቆዩ፤ ለተለመደ ስም ከግእዝ ምትክ መፈለግ ትርፍ ድካም ነው።

እንግዲህ ዐረፍተ ነገሩ እንዲህ ቢታረም እንመክራለን፦ «ቤት አቀፍ ማሞቂያው አየር ከቋጠረ ፓምፑን አጥፍተው ውሃው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። ከማስተንፈሻው ሥር ጨርቅና ዕቃ ይያዙ። በመፍቻው ወደ ግራ ጥቂት ያላሉት እንጂ ፈጽመው አያውጡት። ሲያፏጭ ቆይቶ ውሃ ብቻ ሲወጣ መልሰው ያጥብቁት። በመጨረሻም የግፊት መለኪያውን ይመልከቱ፤ በዝግ መስመር ውሃው ቀዝቃዛ ሳለ ግፊቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ባር ነው።» 

እርማቱ ከረቂቁ ይረዝማል። ነገር ግን የረቂቁ ዕጥረት ከአማርኛ ድህነት የመጣ አይደለም፤ ተርጓሚው ከባዕዱ ቃል ተነሥቶ ቃል ፈለገ እንጂ ነገሩን አይቶ ስሙን አልጠየቀም። ፈልቶ የሚወጣ ውሃ እጅ ሊያቃጥል በሚችልበት ቦታ ይህ ልዩነት የአጻጻፍ ጌጥ ጉዳይ አይደለም።